ስንት ቀን ይቆያሉ?

ቋንቋ እኛ የረሳነውን ዝምድና አይረሳም። "እንግዳ"፣ "መንገድ" እና "ንግድ" የሚሉትን ሦስት ቃላት እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሥራቸው አንድ ነው። በግእዝ "ነገደ" ማለት ተጓዘም፣ ሸጠ ለወጠም ማለት ነው። መንገደኛው ነጋዴ ነበር፤ ነጋዴውም በደረሰበት አገር ሁሉ እንግዳ ነበር። "አስተናጋጅ" እና "መስተንግዶ"ም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን ስናገር "እና ምን ይጠበስ?" የሚል ፊት የሚያሳዩኝ ተማሪዎች አይጠፉም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሆቴል ማለት እነዚህ ሦስት ዘመዳሞች አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ነው። ዘመዳሞች ደግሞ አብረው ሲሰነብቱ መጋጨታቸው አይቀርም። የሚጋጩበትም ጉዳይ የታወቀ ነው፤ ዋጋ።

የማወራው ስለ አንድ ሌሊት አዳሪ አይደለም። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነው። "አልጋ አለ?" ይላል፤ ዋጋውን ይሰማል፤ ይከፍላል፤ ካልተስማማው ወደሚቀጥለው ፔንሲዮን ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስት ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር የሚቀመጠው ሰው ነው። ይህ ሰው "ዋጋ ይቀነስልኝ" ቢል ተገቢ ነው? ተገቢ ከሆነስ እስከ ምን ድረስ? ቅናሹስ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ጥያቄው የሒሳብ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

እስቲ ከድሮው እንጀምር። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ይል ነበር። መልሱም "ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ" ነበር። እግር ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቃል። ስለ ዋጋ ማንሳት ነውር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያቋቁሙ እንጀራንና መኝታን በገንዘብ መግዛት ለብዙው ሰው ያልተለመደ ነገር ነበር።

ይሁንና ነፃው መስተንግዶም የራሱ ታሪፍ ነበረው። "እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ" እንላለን። በመጀመሪያው ቀን ዶሮ የታረደለት እንግዳ በሰባተኛው ቀን ሽሮውን ከልጆቹ ጋር ይሻማል። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ባለቤቲቱ ድስቱን ስታስቀምጥ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። በሰው ቤት ቀን በጨመረ ቁጥር እንግዳው ይረክሳል ማለት ነው።

ሆቴል ይህን ተረት ገለበጠው። እዚያ ወርቁ የሚሰነብተው እንግዳ ነው። ለምን ቢሉ፣ አልጋ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም። የሰኞ ሌሊት አልጋ ሰኞ ካልተሸጠ ማክሰኞ የለም። ለባለሆቴል ባዶ ክፍል ይዞ ማንጋት ማለት መክሰር ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የአንድ ክፍል ዋጋ በሌሊት 1,000 ብር ነው እንበል። ከወሩ 30 ሌሊቶች ክፍሉ የሚያዘው 15ቱን ብቻ ከሆነ ባለሆቴሉ 15,000 ብር ያገኛል። እኔ መጥቼ "ወሩን ሙሉ በ700 ስጡኝ" ብለው 21,000 ብር እከፍለዋለሁ። ከተለጠፈው ዋጋ እኔ 9,000 ብር ቀነሰልኝ፤ እሱ ደግሞ ከልማዱ 6,000 ብር ጨመረ። ከዚህ ላይ የተጨማሪዎቹ ቀናት ውሃና መብራት ይነሳ። በሌላ በኩል በየማለዳው አንሶላ ማጠብ፣ ለደላላ ኮሚሽን መክፈል፣ "ዛሬ ሰው ይመጣ ይሆን?" እያሉ በር በር ማየት ይቀርለታል። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አልዘረፈም። ሁለታችንም የተካፈልነው ባዶ ሊያድሩ የነበሩትን ሌሊቶች ነው።

ልብ በሉ፤ ይኸው 700 ብር ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም። ክፍሉ በወር 25 ሌሊት የሚያዝ ከሆነ ባለሆቴሉ 25,000 የሚያገኝበትን በ21,000 ይለቃል። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ ወርዶ "ሰንባች ነኝና ቀንሱልኝ" የሚል ሰው የሚጠይቀው ቅናሽ ሳይሆን ስጦታ ነው። ስጦታ መጠየቅ ይቻላል፤ ሲከለክሉ ግን መቆጣት አይቻልም።

ታዲያ ሰንባቹ እንግዳ ለቅናሹ በምላሹ የሚሰጠው ምንድን ነው? እርግጠኝነትን ነው። "ሠላሳ ቀን እቆያለሁ" ሲል ቃሉን እየሸጠ ነው። ስለዚህ በወር ዋጋ ገብቶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሻንጣውን አንጠልጥሎ "በሉ ደህና ሁኑ" የሚል ሰው ያልሸጠውን ዕቃ ገንዘብ ወስዷል። ተገቢው ነገር የቆየባቸውን ቀናት በዕለት ዋጋ አስልቶ መክፈል ነው። ይህን ከመነሻው መነጋገር ደግሞ ለሁለቱም ክብር ነው።

እስካሁን ያየነው ንጹሕ የሆነውን ቅናሽ ነው። ቅናሽ መስሎ ከሌላ ሰው ኪስ የሚወጣም አለ። በጣም የተለመደውን ላንሳ። አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ለሥራ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ተከራክሮ 1,000 ብሩን ወደ 700 ያወርደዋል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ደረሰኙን ግን በሙሉው ጻፊልኝ" ይላል። 300 ብሯ የት ገባች? ሰውየው ጎበዝ ተከራካሪ ነኝ ብሎ ያስባል። እሱ ግን የተከራከረው ለራሱ ነው፤ የከፈለው መሥሪያ ቤቱ ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅም ሳትፈልግ የሐሰት ጸሐፊ ሆነች።

የዚህ ታናሽ ወንድም ደግሞ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንሳለን" የሚለው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምንከፍለው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለት ሰዎች ፈገግታ መካከል ይጠፋል። ባለሆቴሉ ከራሱ ትርፍ አምስት ሳንቲም አልቀነሰም። የቀነሰው የሁላችንንም ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታየን ነው። ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ይህ ገንዘብ በትክክል ለሠራተኛ በሚከፋፈልበት ቤት 1,000 ብር ከሚከፍለው አዳሪ 100 ብር፣ ከእኔ ከሰንባቹ 70 ብር ይገባል። እርግጥ ክፍሉ በወር 15 ሌሊት ብቻ ቢያዝ ኖሮ የሠራተኞቹ ድርሻ 1,500 ብር ይሆን ነበር፤ በእኔ ወር መቀመጥ 2,100 ደርሷል። ግን ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ሥራዋ በእጥፍ አድጓል፤ ድርሻዋ በእጥፍ አላደገም። ስለዚህ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው ሥራም ቢቀንስ ደግ ነው። "አንሶላዬ በሳምንት ሁለቴ ቢቀየር ይበቃኛል፤ ክፍሉም በየቀኑ አይጸዳ" ማለት ከባዶ "ቀንሱልኝ" ይሻላል። የሚሰጥ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ነዋ!

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአርትዖት ሥራ ለመጨረስ ሐዋሳ አንድ ወር መቀመጥ ነበረብኝ። ሪፈራል ሆስፒታሉ ብዙም የማይርቀው አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ "ጋሼ፣ ስንት ቀን ይቆያሉ?" አለችኝ። "አንድ ወር" ስላት ፊቷ በራ። "እንደሱ ከሆነማ እትዬን ላነጋግርልዎ" ብላ ባለቤቲቱን ጠራቻት።

"ለሌላው ሰው 600 ነው ጋሼ። ለእርስዎ 500 ይሁን።"

"400 አድርጊልኝ እህቴ። አንሶላው በሳምንት ሁለቴ ይቀየር። የወሩን ግማሽ አሁን እሰጥሻለሁ።"

"ኧረ ጋሼ! ውሃውስ? ጄኔሬተሩስ?"

450 ላይ ተስማማን። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን። ሻይም ጋበዘችኝ።

ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የታመመ ልጃቸውን ይዘው ከባሌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ከገቡ 19 ቀን ሆኗቸዋል። በየማለዳው ከመቀነታቸው ብር ፈትተው የዕለቱን 600 ይከፍላሉ። በየማለዳውም "ዛሬ ውጤቱ ይነገረናል፤ ነገ እንወጣለን" ይላሉ። ውጤቱ ወደ ሌላ ምርመራ ይመራል፤ ምርመራው ወደ ሌላ ቀጠሮ። 19 ቀን በ600 ብር 11,400 ብር ነው። በእኔ ዋጋ ቢሆን 8,550 ብር ይበቃ ነበር። ልዩነቱ 2,850 ብር፤ ለአንድ ገበሬ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ባለቤቲቱን ጠየቅኋት። "እኒህ አባት ለምን 600 ይከፍላሉ?"

"አልጠየቁኝም እኮ ጋሼ!" አለች። "ደግሞ በየቀኑ ነገ እንወጣለን ነው የሚሉኝ።"

ይህቺ ሴት ክፉ እንዳትመስላችሁ። ለልጁ ከራሷ ማዕድ ቤት በየምሽቱ ሾርባ በነፃ ትልክ ነበር። ሾርባው የእንግድነት ነው፤ 600 ብሩ የንግድ ነው። ሁለቱ በአንድ ሴት ልብ ውስጥ ሳይገናኙ ይኖራሉ። እኒያ አባትም ሞኝ አልነበሩም። በሬ ሲገዙ ጥርሱን አይተው፣ ሻኛውን ዳብሰው፣ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳነሳባቸው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አመለከቱኝና "የተጻፈ ዋጋ ይነካል እንዴ?" አሉኝ። ለእሳቸው የተጻፈ ነገር ሁሉ መንግሥት ነው። በኋላ ባለቤቲቱ "ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውም 450 ይክፈሉ፤ ያለፈው ግን አለፈ" አለች። እንዲያም ሆነ።

"አልጠየቁኝም እኮ" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን አብራኝ አለች። የሰንባች ቅናሽ የሚሰጠው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ መጠየቅ ለሚያውቅና ቃል መግባት ለሚችል። የድርጅት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው አማካሪ ሁለቱም አለው። ከ"ሦስት ወር ፕሮጀክት" የሚከፈለው ሰው ሁለቱም አለው። እኔም ነበረኝ። በሽተኛ ይዞ የመጣው ገበሬ ግን አንዱም የለውም። ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠብቀው ባለጉዳይ፣ ኤምባሲ የምትመላለሰው እናትም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ከእኔ እኩል፣ ምናልባትም ከእኔ በላይ ይሰነብታሉ። ግን "ስንት ቀን ይቆያሉ?" ሲባሉ መልስ የላቸውም። ነገን አያውቁትም። ነገን አለማወቅ በራሱ መከራ ሆኖ ሳለ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ታሪፍ እንጭንበታለን።

ይህ የሐዋሳ ነገር ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ይህ ሕክምና በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንት አምስት ቀን እየተመላለሱ ለሳምንታት የሚወሰድ ነው። ተራ እስኪደርስ የሚጠበቀው ሲጨመርበት ደግሞ ወራት ይሆናል። በዚያ ዙሪያ ባሉ የአልጋ ቤቶች በዕለት ዋጋ ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንዳደረ አስቡት።

"ታዲያ ባለሆቴሉ ምን ያድርግ? እሱ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለ ክርክርም አለ። ቅናሽ የሚደረገው እንግዳው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ነው፤ በሽተኛ የያዘ ሰው ደግሞ የሚሄድበት የለውም፤ ስለዚህ ለእሱ መቀነስ ንግድ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የመረመረው ቶማስ አኲናስ ነው። በዐቢይ የሥነ መለኮት ድርሳኑ ዕቃን ከሚገባው በላይ መሸጥ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እንዲህ ነው። ሻጩ ዕቃውን በመልቀቁ እሱ ራሱ የተለየ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ ያን ጉዳት ዋጋው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሻጩ ሳይጎዳ ገዢው ብቻ በብርቱ የሚጠቀም ከሆነ ግን በዚያ ሳቢያ ዋጋ መጨመር አይገባውም። ያ የገዢው ነገር ነው፤ የራስ ያልሆነውን ደግሞ መሸጥ አይቻልም። እኔ ይህን ወደ ፔንሲዮኗ ሳመጣው የሚታየኝ እንዲህ ነው፦ አልጋው የባለሆቴሉ ነው፤ አንሶላው የእሱ ነው፤ ውሃውም የእሱ ነው። የልጁ ሕመም ግን የእሱ አይደለም። የሚሄድበት ማጣትም የእሱ ንብረት አይደለም። በሕመሙ ላይ ዋጋ ሲቆርጥ የሰው ዕቃ እየሸጠ ነው።

ይህ ሚዛን እንግዳውንም ይመዝናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ሲከተል ሆቴሎቻችን ባዶ ቀሩ። ጎብኚን ተስፋ አድርጎ የኖረው እንደ ላሊበላ ያለው ከተማ ክፉኛ ተጎዳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መብራቱን እንኳ በማይሸፍን ዋጋ አልጋ የሚያስለቅቅ እንግዳ ይኖራል። ባለሆቴሉ እሺ ይላል፤ ምን አማራጭ አለው? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እሺታው ግን ፈቃድ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ገዢው ዕቃውን እያናናቀ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ከሄደ በኋላ እንደሚመካ ይነግረናል። የባለሆቴሉ ጭንቀትም የእንግዳው ንብረት አይደለም።

ስለ ክርክር ሳስብ ሁልጊዜ አብርሃም ይታወሰኛል። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም ሁለት ጊዜ ዋጋ ፊት ይቆማል። አንደኛው በዚያው እንግዶቹን ዛፍ ሥር ባስተናገደበት ቀን ነው። ስለ ሰዶም ከአምላኩ ጋር ይከራከራል። ከ50 ጻድቃን ይነሳል፤ 45፣ 40፣ 30፣ 20 እያለ እስከ 10 ያወርደዋል። ሁለተኛው ሚስቱ ሣራ በሞተች ጊዜ ነው። የመቃብር ቦታ ሲገዛ ኤፍሮን 400 ሰቅል ብር ጠራበት። ያ የዓለም ብልህ ተከራካሪ አንዲት ሰቅል ሳያስቀንስ መዝኖ ከፈለ። የማይናቀው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ አብርሃም መከራከር ያውቅ ነበር፤ ጉልበቱን ያወጣው ግን አፍ ለሌላቸው ነው።

እኛ ተራ ሰዎች ነን፤ ለራሳችንም እንከራከራለን፤ ነውርም የለበትም። ግን ለራሳችን ካስቀነስን በኋላ "ከጎኔ ያለው ሰውስ ስንት ይከፍላል?" ብሎ መጠየቅ ምን ያስወጣል?

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ነገሩን ከአፍ ችሎታ ማላቀቅ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ኩዌከር የሚባሉ ሃይማኖተኞች በሱቃቸው ክርክር አቁመው ለሁሉም አንድ ዋጋ መናገር ጀመሩ። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ ሕፃን ልጅ ወደ ሱቃቸው ቢላክ እንኳ ልክ እንደ ወላጁ በእኩል እንደሚስተናገድ ጽፏል። ዋጋ ፍትሐዊ መሆኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ልጅ ቢላክ ያው ነው ወይ?

ለሆቴልና ለፔንሲዮን ባለቤቶቻችን የማቀርበው ነገር ቀላል ነው። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት አንድ መስመር ይጨመርበት፦ "ከስምንተኛው ሌሊት ጀምሮ ዋጋው ይህን ያህል ነው።" ጥያቄ አያስፈልገውም፤ ቃል መግባትም አያስፈልገውም። ሰባቱን ሌሊት ያደረ ሰው ሰባት ሌሊት አድሯል፤ ከዚያ ወዲያ "ካልቆየስ?" የሚል ስጋት የለም። የደላላው ኮሚሽን ተርፏል፤ አንሶላውም እንደ አዲስ እንግዳ አይታጠብም። ቅናሹ ቀድሞ በተቆጠረ ቀን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ነገን የማያውቀውም ሰው ይደርሰዋል። የሚከራከር ይከራከር፤ ወር ሙሉ ለሚቆይ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ለሚከፍል ከዚያም በላይ ይቀነስለት። ግን የማይከራከረው ሰው ዝም ስላለ ብቻ የተከራካሪውን ቅናሽ የሚሸፍን አይሁን።

አንዲት መስመር ናት። ለመጻፍ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። የተጻፈ ዋጋ እንደማይነካ የሚያምኑ ሰዎች ደግሞ ያነቧታል፤ ማንበብ የማይችሉም ካሉ እንግዳ መቀበያዋ ላይ ያለችው ልጅ ትነግራቸዋለች።